ግጥሙ ይደገም

በግጥም ምሽቶቻችን ላይ አንድ ነገር ቢለወጥ ደስ ይለኛል። እያንዳንዱ ግጥም ሁለት ጊዜ ይነበብ። አንዴ ይነበብ፣ አዳራሹ ትንፋሽ ይውሰድ፣ ከዚያ ያው ግጥም ከርዕሱ ጀምሮ እንደገና ይነበብ። ለዚህ ሲባል በአንድ ምሽት የሚቀርቡት ገጣሚዎች በግማሽ ይቀንሱ። ሐሳቡ ትንሽ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ስጽፍም፣ መድረክ ላይ ስወጣም፣ ሌሎችን ቁጭ ብዬ ሳዳምጥም የጎደለን እሱ እንደሆነ ከተሰማኝ ቆይቷል።

እነዚህን ምሽቶች ለማያውቅ ሰው እንዴት እንደሆኑ ልንገረው። ፖስተሩ ላይ 11፡30 ይላል። በር ላይ ትኬት የሚቆርጡ ልጆች አሉ። አጠገባቸው ጠረጴዛ ላይ አዳዲስ መጻሕፍት ተደርድረዋል። ፕሮግራሙ የሚጀመረው አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል ነው። የመድረክ አጋፋሪው ይወጣል፤ ስፖንሰሮችን ያመሰግናል፤ የክብር እንግዶችን በየስማቸው ይጠራል። ከዚያ ግጥም፣ ሙዚቃ፣ ወግ፣ ግጥም፣ ዲስኩር፣ አጭር ተውኔት፣ እንደገና ግጥም። በአንድ ምሽት አሥር አሥራ ሁለት ገጣሚ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ለአንዱ የሚደርሰው አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ከኋላ ክራር ወይም ሳክስፎን ይሰማል፤ አንዳንዴም ከገጣሚው ድምፅ በላይ ይወጣል። ገጣሚው ወርዶ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ቀጣዩ ይጠራል። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ታክሲ እንዳያልቅብን እየተጣደፍን እንወጣለን። «እንዴት ነበር?» ስንባባል መልሱ «አሪፍ ነበር» ነው። የትኛው ግጥም? ምን ይል ነበር? እዚህ ላይ ዝም እንላለን።

ጥፋቱ የታዳሚው አይደለም። ሰው ከሥራ ወጥቶ፣ መንገድ ተዘጋግቶበት፣ ከኪሱ ከፍሎ መጥቷል። አንድ ጊዜ ብቻ የሰማው ግጥም ላይ ወዲያው ሌላ ሲደረብበት ምን ያድርግ? በዚያ ላይ አማርኛ ግጥም ሰም አለው፣ ወርቅ አለው። ሰሙ ጆሮ ላይ ሳይደርቅ ወርቁን ፈልጎ ማግኘት ለማንም ይከብዳል።

እንዴት እንደምጽፍ ሳስብ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይቆረቁረኛል። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ጀምሬ የጨረስኩት ግጥም ጥቂት ነው። አብዛኛው የሚመጣው መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ሽንኩርት ስከትፍ ወይም ቢሮ ደብዳቤ ስጽፍ ነው። አንዲት ሐረግ ብቅ ትላለች። እንዳትጠፋ ስልኬ ላይ አሰፍራታለሁ። ከዚያ አፌ ውስጥ አገላብጣታለሁ። እየሄድኩ እላታለሁ፣ ሳህን እያጠብኩ እላታለሁ፣ ሰልፍ ላይ ከፊቴ ያለች ሴት ዞር ብላ እስክታየኝ ድረስ እላታለሁ። ጆሮዬ ሲቀበላት ነው ቀጣዩዋን የምፈልገው። እንግዲህ እኔ ራሴ የጻፍኩትን ግጥም ለመረዳት ይህን ያህል ደጋግሜ እሰማዋለሁ። አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ግን አንዴ ብቻ ሰምቶ እንዲገባው እጠብቃለሁ።

አንድ ምሳሌ ላሳይ። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ከተነሡት መካከል የማውቃቸው አንዲት እናት አሉ። ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ገብተዋል። ልጠይቃቸው ሄድኩ። ቡና አቀራርበዋል። ረከቦቱ ላይ የደረደሩት ሲኒ ግን ለእኔና ለእሳቸው የሚሆን አይደለም፤ ለድሮው ጎረቤት ሁሉ ይበቃል። እጃቸው ለምዶ ነው። ስመለስ ታክሲ ውስጥ የመጀመሪያው ስንኝ መጣ፦

አራተኛ ፎቅ ላይ ጀበናው ይፈላል፣

ስድስት ስድስት ቀለም፣ ማለትም በአንድ ምት የሚባል የቃል ቁራጭ፣ ነው፤ የወል ቤት የምንለው፣ ከልጅነታችን ጀምሮ ጆሯችን የሚያውቀው ምጣኔ። ሁለተኛው ስንኝ ግን እምቢ አለ። «ሲኒው ተደርድሮ ጎረቤት ይጠብቃል» አልኩ። ከምጣኔው ይተርፋል፤ ቤቱም በደንብ አይመታም። «ሲኒው ባዶ ሆኖ ሰው ናፍቆት ያለቅሳል» አልኩ። አሁን ምጣኔው ልክ መጣ። ሲኒ ግን አያለቅስም። እሳቸውም አላለቀሱም፤ እንዲያውም ቆጣ ብለው ነበር። ሰፈሩ ተበትኖ ማንም ዘወር ብሎ ባይጠይቃቸው ተቀይመዋል። ያንን ቅያሜያቸውን ሳስታውስ ስንኙ ቦታው ላይ ቁጭ አለ፦

ሲኒው ተደርድሮ «የት ቀራችሁ?» ይላል።

ረቂቁን ያየ ጓደኛዬ አልወደደውም። «ለመድረክ ቀዝቅዟል፤ ሞቅ አድርጊው» ብሎ ሌላ ስንኝ ሰጠኝ፦ «ቤቱን ላፈረሰው ማን ቡና ያፈላል?» የእሱም መጥፎ አይደለም። ምጣኔው ልክ ነው፣ ቁጣው እውነት ነው። እና ሁለቱንም በተለያዩ ምሽቶች መድረክ ላይ አነበብኳቸው።

የጓደኛዬን ስንኝ ስል አዳራሹ ተነቃነቀ። ጭብጨባው ቶሎ ስላላቆመ ተከታዮቹ ስንኞች እዚያው ሰመጡ፤ እኔም ራሴን በቅጡ አልሰማሁም። የሲኒውን ስንኝ ባነበብኩበት ምሽት ግን ጸጥታ ነበር። መጨረሻ ላይ ለስሙ ያህል ተጨበጨበ። ስወጣ ደረጃው ላይ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው አስቆሙኝ።

«ልጄ፣ ስንተኛ ፎቅ ነው ያልሽው?»

«አራተኛ፣ ጋሼ።»

«እኛ ሰባተኛ ነን። ሊፍቱ አይሠራም። ማን ይመጣል ብለሽ ነው?»

እኚህ ሰው ግጥሙን ሰምተውታል። ከዚያ አዳራሽ ውስጥ እንደ እሳቸው ሊሰሙት የሚችሉ ብዙ ሰዎች እንደነበሩ እርግጠኛ ነኝ። እነሱ ጋ ለመድረስ ግጥሙ አንድ ተጨማሪ ዕድል ያስፈልገው ነበር።

ግጥም አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ተርፎ የሚወጣው በመጀመሪያው ምት የሚይዝ ስንኝ ብቻ ነው። ጮክ ያለው፣ የሚያስቀው፣ ባለሥልጣን የሚጎነትለው። ገጣሚ ደግሞ ሰው ነው፤ የሚጨበጨብለትን ያውቃል። ቀስ በቀስ እጁ ወደዚያው ያዘነብላል። ወጣት ገጣሚዎች ላይ ይህን አያለሁ። መጀመሪያ ሲመጡ የእናታቸውን ቤት፣ የሰፈራቸውን ወንዝ፣ የሞተ ወንድማቸውን ይዘው ነው። ዓመት ሳይሞላቸው ሁሉም አንድ ዓይነት ግጥም ይዘው ይወጣሉ፤ መጨረሻው ላይ አዳራሹን ለማስነሣት የተሰናዳ አንድ ስንኝ፣ ከፊቱ ደግሞ ወደዚያ ለመድረስ የተደረደሩ ሌሎች። ጥሩ ችሎታ በዚህ መንገድ ሲባክን ማየት ያመኛል።

ይህን ስል መድረክ ግጥምን ገደለው ከሚሉት ጋር አይደለሁም። አማርኛ ግጥም ከመጽሐፍ በፊት በአፍ የኖረ ነው። ፉከራውም፣ ቀረርቶውም፣ ሙሾውም ሰው ፊት የሚባል ነው። በዘመናዊውም ታሪካችን ቢሆን መድረክ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። በ1950ዎቹ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች በየዓመቱ በሚያከብሩት የኮሌጅ ቀን በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ሳይቀር ግጥም ያነቡ ነበር። በ1953፣ ከታኅሣሡ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጥቂት ወራት በኋላ፣ ተማሪው ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተባለውን ግጥሙን ሲያነብ ግጥም የድሃውን ኑሮ ቤተ መንግሥቱ ፊት አቆመው። በእኛ ዘመን ደግሞ ራስ ሆቴል ወር በወር ረቡዕ ማታ ይካሄድ የነበረው ጦቢያ ግጥም በጃዝ አዳራሹን ጢም አድርጎ ይሞላ ነበር። ለግጥም ከፍሎ መግባትን፣ ቦታ ቢጠፋ ቆሞ መስማትን ለከተማው ወጣት ያስለመዱት እንዲህ ያሉ ምሽቶች ናቸው። እኔም ግጥም ጮክ ብሎ ሲነበብ ምን እንደሚመስል የተማርኩት ከእንዲህ ዓይነቱ አዳራሽ ኋላ ወንበር ላይ ነው። ለዚህ ምስጋናዬ ትልቅ ነው።

ደግሞም መድገም ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል። አንዱ ታዳሚ «ተቀበል!» ብሎ ግጥሙን ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜመዋል። ቤቱ ያንኑ ግጥም አንዴ በሰጪው አፍ፣ አንዴ በአዝማሪው ይሰማዋል። ሳቁ የሚፈነዳው ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ነው፤ ወርቁ የሚገኘው ያኔ ስለሆነ። ለቅሶ ቤትም እንዲሁ ነው። አስለቃሿ ትላለች፣ ለቀስተኛው ይቀበላል። በማኅሌትም ባለቅኔው ይመራል፣ ተመሪው ተቀብሎ በዜማ ያደርሰዋል። አባቶቻችንና እናቶቻችን ጆሮ በአንድ ጊዜ እንደማይጠግብ ያውቁ ነበር። ይህን ያስቀረነው እኛ ነን፤ ፖስተሩ ላይ ብዙ ስም ለመደርደር ስንል።

ቅኔ ቤትን ሳስብ ደግሞ ከመድገሙም በላይ የሚያስቀናኝ ነገር አለ። ተማሪው ቀን ከሰው ተለይቶ፣ ጫካም ይሁን መቃብር ቤት ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፤ በልቡ ይደርሳል ማለት ነው። ማታ የኔታ ፊት ቀርቦ ይናገራል። የኔታ ይሰማሉ፣ ያርማሉ። ይህ ቃል እዚህ አይገባም፣ ምሥጢሩ ሞልቷል፣ ምሥጢሩ ጎድሏል ይሉታል። ከቅኔ ዓይነቶች አጭሩ፣ ሁለት ቤት ብቻ ያለው ጉባኤ ቃና እንኳ እንዲህ እየተፈተነ ነው የሚያልፈው። የዋሸራ፣ የጎንጅና የዋድላ ቅኔ ቤቶች የየራሳቸውን መንገድ ይዘው የዘለቁት በእንዲህ ዓይነት ጆሮ ነው። እኛ ከመድረክ ስንወርድ የምናገኘው ጭብጨባ ብቻ ነው። ግጥሜ የቱ ጋ እንደላላ የሚነግረኝ ሰው ለማግኘት ከአዳራሹ ወጥቼ ጓደኞቼን ማክያቶ መጋበዝ አለብኝ። ግጥሙ ሁለት ጊዜ ቢነበብ ግን በመካከል አንድ ሰው «ያቺ ስንኝ አልገባችኝም» ሊል ይችላል። ገጣሚውም መልሶ ሲያነብ እሷ ጋ ቀስ ይላል። ይህ ለሁለቱም ትምህርት ነው።

የአጋፋሪነት ነገርም ከዚሁ ጋር ይያያዛል፤ ሴት ገጣሚዎች በደንብ ያውቁታል። ወንዱ «የበርካታ ሥራዎች ባለቤት» ተብሎ ይጠራል። እኛ «አሁን ደግሞ ቆንጆዋ ገጣሚያችን» ተብለን እንወጣለን። ታዳሚው ቀሚሴን ማየት ይጀምራል። ስለ ሞት የጻፍኩትን ግጥም ይዤ ለቆምኩበት መድረክ ይህ ከባድ መግቢያ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስንኞች የሚያልቁት ያንን ከሰው ጆሮ ላይ ለማንሣት ነው፤ ግጥሙ አንዴ ብቻ ሲነበብ ደግሞ እነዚያ ስንኞች ሳይሰሙ ይቀራሉ። አጋፋሪዎች ሆይ፣ ስማችንን ጥሩና ውረዱ። እሱ ይበቃናል።

መጽሐፍ አለልሽ፣ መድገም የፈለገ ገዝቶ ያንብብ የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ መጽሐፍ ለመድገም የተመቸ ነው። ግን የግጥም መጽሐፍ እንዴት እንደሚታተም ይታወቃል። አብዛኛው ገጣሚ ከራሱ ኪስ ነው የሚያሳትመው፤ ከደመወዙ ቆጥቦ ወይም ዕቁብ ገብቶ። የወረቀት ዋጋ የሚቀመስ አልሆነም። አከፋፋዩ ድርሻውን ይወስዳል። ከምረቃው ማግስት መጽሐፉ ወይ አልጋ ሥር ነው፣ ወይ አዟሪ ክንድ ላይ። ጃፋር መጻሕፍት መደብር ጎራ የሚል ሰው ያገኘው ይሆናል። አዳራሹ ውስጥ ከነበሩት ሰዎች ግን ብዙዎቹ ያንን ግጥም ዳግም የማግኘት ዕድል የላቸውም። ለእነሱ ግጥሙ ያው የሰሙት ነው።

ስልክ ላይ ያለውን ደግሞ እዩ። ቴሌግራም ላይ ከሙዚቃ ጋር ተቀርጾ የሚለቀቅ ግጥም ልጆቹ ቃል በቃል ያውቁታል። ሃይገር ውስጥ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ያደረገች ተማሪ ከገጣሚው ጋር ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ አይቻለሁ። የዛሬ ወጣት ግጥም አይወድም የሚል ሰው እሷን ቢያያት ደስ ባለኝ። እንዴት በቃሏ ያዘችው? ደጋግማ ስለሰማችው ነው። ስልኩ የሚሰጣትን ነገር አዳራሹ ሊነፍጋት አይገባም። በርግጥ እዚያም ችግር አለ፤ የገጣሚው ስም ተቆርጦ ግጥሙ ብቻውን ሲዞር ይውላል። ይህ ግን ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።

አዘጋጆች የሚያነሡት ሌላ ነገር አለ፤ ገንዘብ። ብዙ ገጣሚ ሲጠራ እያንዳንዱ ጓደኞቹንና ቤተሰቡን ይዞ ስለሚመጣ አዳራሹ ይሞላል ይላሉ። ይገባኛል። የአዳራሽ ኪራይ አለ፣ ሳውንድ ሲስተም አለ፣ ባንዱ ይከፈለዋል። በዚህ ሁሉ መካከል ግን የማይከፈለው ገጣሚው ነው። ትኬት የተሸጠው በግጥም ስም ሆኖ ገጣሚው የምስክር ወረቀት ተሰጥቶት፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ በራሱ የታክሲ ብር ወደ ቤቱ ይገባል። ለአሥራ ሁለት ሰው የሚከፈል የለም ይባላል። ለአምስት ወይም ለስድስት ሰው ግን ሊኖር ይችላል። ቁጥሩ ሲቀንስ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጊዜም ገንዘቡም ይጨምራል። ትንሽም ብትሆን የምትከፈል ብር ገጣሚው ለዚያ ምሽት በደንብ እንዲዘጋጅ ታደርገዋለች። ከባንዱ ጋር አንድ ቀን ልምምድ ቢያደርግ ክራሩ የት ዝም ማለት እንዳለበት ይታወቃል። አሁን ብዙዎቻችን ከሙዚቀኛው ጋር የምንተዋወቀው መድረክ ላይ ነው።

ታዳሚው ይሰለቻል የሚለውን ሥጋት ግን አልቀበለውም። የወደደውን ዘፈን «ይደገም!» ብሎ የሚጮኽ ሕዝብ ነው ያለን። አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ ከጥቂት ጓደኞቼ ጋር ቅዳሜ ከሰዓት እየተገናኘን እንነባበባለን። እዚያ ደንቡ ይህ ነው፤ አንዱ ያነባል፣ ሁላችንም ትንሽ ዝም እንላለን፣ ሌላ ሰው ወረቀቱን ተቀብሎ ያንኑ ግጥም በራሱ ድምፅ ያነበዋል። የራስን ግጥም በሌላ ሰው አፍ መስማት ምን እንደሚያደርግ ለመግለጽ ይቸግረኛል። አንዷ ጓደኛችን ሲኒው ያለበትን ስንኝ ስታነብ «የት ቀራችሁ?» የምትለዋን በቁጣ ሳይሆን በልምምጥ አለቻት። ግጥሙ ውስጥ ያ እንደነበረ አላውቅም ነበር። አጠገባችን ቡና ይጠጡ የነበሩ ሰዎች ወንበራቸውን ወደ እኛ ሳብ አድርገዋል። አንድም ሰው ሲሰለች አላየሁም።

ስለዚህ ለአዘጋጆች የምጠይቀው ቀላል ነው። የሚቀጥለውን ወር ፖስተር ከማሠራታችሁ በፊት የገጣሚዎቹን ዝርዝር አውጡና ግማሹን ወደ ተከታዩ ወር አሸጋግሩ። አጋፋሪው መጀመሪያ ላይ «ዛሬ ግጥሞቹ ሁለት ሁለት ጊዜ ይነበባሉ» ብሎ ይንገረን። ባንዱ በሁለተኛው ንባብ ዝም ይበል። ለአንድ ምሽት ብቻ ይሞከር። የእኔ ስም ወደ ተከታዩ ወር ከሚሸጋገሩት ውስጥ ቢሆን ደስ ብሎኝ ትኬት ቆርጬ እገባለሁ።